የዘለለችው ቦታ

እህቴ ፒያኖ ስትጫወት ሰው ሁሉ ጣቷን ያያል። እኔ የማየው ጀርባዋን ነው፤ በግራ ጥግ የምቀመጠውም ለዚሁ ነው። ስትፈራ ቀኝ ትከሻዋ ከፍ ይላል። ከልጅነቷ ጀምሮ ቀሚሷን የምሰፋው እኔ ስለሆንኩ አውቀዋለሁ።

ቤት ውስጥ ጭምቷ ነው የምንላት። ለሰው የማትናገረውን ለፒያኖው ትነግረዋለች። እኔ ደግሞ፣ ተመስገን ነው፣ አፍ አላጣሁም። ፒያኖዋና የስፌት መኪናዬ ዕድሜ ልካቸውን አንድ ሳሎን ውስጥ ኖረዋል። አንዷን ቦታ ደጋግማ ስታደርቀኝ፣ "ኧረ በፈጠረሽ፣ ወይ ጨርሺው ወይ ተይው" እላታለሁ። ፈገግ ትልና እንደገና ከመጀመሪያው ትነሳለች። እንዲህ እንዲህ እያለች ነው ባሕር ተሻግራ በትልልቅ አዳራሾች የተጫወተችው።

ከሁለት ዓመት በፊት ግን፣ ሙሉ አዳራሽ ፊት፣ በቃሏ የምታውቀው ረጅም ሙዚቃ መሃል ላይ ጠፋባት። እጇ ቆመ። ተነስታ ወጣች፤ አልተመለሰችም። ከዚያ በኋላ ፒያኖው እንደተከደነ ቀረ፤ እኔም ጨርቄን ላዩ ላይ መከመር ጀመርኩ። ያ ስረግመው የኖርኩት ድግግሞሽ ናፈቀኝ ብል ማን ያምነኛል።

አንድ ማለዳ ጨርቄን አንስታ ተቀመጠች። የጀመረችው ያንኑ ሙዚቃ ነው።

"ሌላ ጠፍቶ ነው?" አልኳት።

"እትዬ፣ ይሄን ካልተወጣሁት ሌላውንም አልችልም።"

ሙዚቃው ውስጥ መንገዱ ቢጠፋት ዘላ የምታርፍባቸውን ቦታዎች መረጠችና ቁጥር ሰጠቻቸው። እኔ እየሰፋሁ ድንገት "ሦስተኛው" ስላት፣ የትም ትሁን የት፣ ወደ ሦስተኛው ትዘላለች። ወራት እንዲህ ሠራን።

በኮንሰርቱ ቀን ቀሚሷን ስቆልፍላት፣ "ዛሬ አቋርጬ ከወጣሁ ፒያኖውን እንሸጠዋለን" አለችኝ። ቀልድ አልነበረም።

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ጀመረች። ወደዚያ ቦታ ስትቃረብ ቀኝ ትከሻዋ ከፍ አለ። የፈሩት ይደርሳል ይባል የለ፣ ደረሰ። ጣቷ ለቅጽበት አየር ላይ ቀረ፤ ከዚያ ዘለለች። ሦስተኛው ላይ አረፈች። ነፍሴ መለስ አለች። ከዚያ ወዲያማ እስከ መጨረሻው እንደ ውሃ ፈሰሰ። ሰው ብድግ ብሎ አጨበጨበ፤ አጠገቤ ያሉት ሽማግሌ እንባቸውን ጠረጉ። ያወቀ የለም። ዳነች፣ በቃ ወደ ቤታችን እንሂድ አልኩ በልቤ።

እሷ ግን ተመልሳ ተቀመጠች። ሰው ፊት ትንፍሽ ብላ የማታውቀው እህቴ፣ ጭብጨባው በረድ ሲል ወደ ሕዝቡ ዞረችና፣ "መሃል ላይ የዘለልኩት ቦታ አለ። ጠፍቶብኝ ነው። አሁን ልጫወትላችሁ" አለች።

አፌን በእጄ ያዝኩ። አንቺ ልጅ፣ ማን ጠየቀሽ?

ያለ ምንም መንደርደሪያ እዚያው መሃሉ ላይ ገባች። ቀስ ብላ ነው የገባችው። ትከሻዋ ወርዷል። ያን ቦታ ቤታችን ውስጥ እስኪያንገሸግሸኝ ሰምቼዋለሁ፤ እንደዚያ ሆኖ ግን ሰምቼው አላውቅም። እኔ፣ ይህን አፍ ይዤ፣ ቃል አጣሁ። ይህቺ በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኳት ልጅ ናት? እውነቴን ነው፣ የገዛ እህቴን ፈራኋት። ሲያልቅ፣ እሷ እስክትነሳ ድረስ ለማጨብጨብ የደፈረ አልነበረም።

ታክሲ ውስጥ ስንገባ ንዴቴ መጣ። "ድነሽ ነበር እኮ። ማንም አልሰማም። ተመልሰሽ እሳት ውስጥ የገባሽው ምን ሆነሽ ነው?"

ጭምቷ የቀሚሷን የአንገት ቁልፍ ፈታች።

"እትዬ፣ ከሙዚቃው ሁሉ የምወደው እኮ እሱን ቦታ ነው። ሳይሰሙት ሊሄዱ ነበር።"