«የሆድ ነው»

«ፍሬኑን በወጉ ሳይሠራ ልጃችንን ገደለብን» አሉ የሟች አጎት ገብረየሱስ፣ ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሁሉ እንዲሰማ። በአደጋው ዋዜማ መኪናውን የሠራው መካኒኩ ዳኜ ከታሰረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ሚስቱ ተሾመች ልቅሶ ልትደርስ መጥታ በሩ ሥር መሬት ላይ ተቀምጣለች። ፈቀቅ ያለላት ሰው የለም።

ጽናት አንገቷን እንደደፋች ነው። የሟች ሚስት ስለሆነች ማንም ምክንያቱን አልጠየቃትም።

ለቀስተኛው ሁሉ ሟቹን በዕውቀቱን ያወድሳል፤ የጣርማ በርን ጉም ዓይኑን ጨፍኖ የሚያልፍ ሾፌር ነበር ይላል። ወንድሙ በባድመ ጦርነት ከቀረ ወዲህ ግን በዕውቀቱ እንቅልፍ አጥቶ፣ አይሱዙው ጋቢና ውስጥ ብቻውን ሲያለቅስ ያገኘችው እሷ ናት። አዲስ አበባ ወስዳ አሳከመችው። ሐኪሙ የድብርት መድኃኒት አዘዘና ሁለቱንም አስጠነቀቃቸው፦ «ከመጠጥ ጋር ከተገናኘ ያፈዛል፣ እጅና እግር ያዘገያል። አንድ መለኪያም ቢሆን ቀምሶ መሪ እንዳይዝ።»

መድኃኒቱ ተስማምቶት መሳቅ ጀምሮ ነበር። ጽናት ግን ሰው «አበደ» እንዳይለው ፈርታ፣ ለአማቷ ለወይዘሮ አመተሥላሴ «የሆድ ነው» አለቻቸው።

እሑድ የማርያም ጽዋ አማቷ ቤት ነበር። በዕውቀቱ መድኃኒት ላይ ነኝ ብሎ መለኪያውን ሲመልስ እናቱ ሳቁበት።

«ለሆድማ ከአረቄ በላይ ምን አለ? ነጭ ሽንኩርት ዘፍዝፌ ላንተ ያስቀመጥኩት ነው። በሞቴ!»

ወደ ሚስቱ ዞሮ አየ። አንድ ቃል ብትናገርለት ይበቃው ነበር። ማኅበርተኛው ሁሉ ተሰብስቧል፤ አፈረች፣ ዝም አለች። ሁለት መለኪያ ጠጥቶ ብቻውን ወደ ዘመሮ ነዳ። ከኋላው የነበረ ሾፌር፣ ገደሉ አፋፍ እስኪደርስ የፍሬን መብራቱ እንዳልበራ ተናገረ። ሰዉ ፍሬኑ ተበጥሶ ነው አለ። ጽናት ግን የሾፌር ሚስት ናትና፣ ፍሬን ቢበጠስም ሲረገጥ መብራቱ እንደሚበራ ታውቃለች፤ እግሩ ፍሬኑ ላይ እንዳልደረሰ ገባት።

«ነገ ጣቢያ ሄደን ቃል እንሰጣለን» አሉ ገብረየሱስ።

«ዳኜ የለበትም» አለች ጽናት። ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። ሐኪሙ ያለውን፣ የደበቀችውን፣ ሁሉንም ተናገረች።

«እኔ ስሰጠው እዚያው ተቀምጠሽ አልነበር?» አሉ ወይዘሮ አመተሥላሴ።

«ነበርኩ፣ እማማ።»

ብርዱ ከባድ ስለነበር ሁለቱ አንድ የበግ ፀጉር ባና ጉልበታቸው ላይ ደርበው ነበር የተቀመጡት። አሮጊቷ ባናውን ከምራታቸው ጉልበት ላይ ቀስ ብለው ሰበሰቡት። ተነሥተው በሩ ድረስ ሄዱና ተሾመች ትከሻ ላይ ጣል አድርገውላት፣ እዚያው መሬት ላይ አጠገቧ ተቀመጡ።