ሆድ የገዛው አክሲዮን

የውባለም ሆድ ማክሰኞ ጠዋት ብቻውን ባንክ ሄዶ ገንዘቧን ሙልጭ አድርጎ አወጣ። ሰልፍ ይዞ፣ ተራውን ጠብቆ ነው ያወጣው፤ በዚህ በኩል አይታማም።

ውባለም የሦስተኛ ዓመት የአካውንቲንግ ተማሪ ናት። ከግቢው ካፌ መብላቱን ትታ የምግቧን ብር በእጇ ትቀበላለች፤ ተማሪው «ነን ካፌ» የሚለው ነው። ቁርሷን በሻይ እያለፈች፣ እራቷን በውሃ እየሸነገለች ዓመት ሙሉ ያጠራቀመችው አክሲዮን ልትገዛበት ነበር። ሽያጩ ዓርብ ይዘጋል። ሐሙስ ባንክ ብትሄድ ሒሳቧ ባዶ!

«ማነው የወሰደው?» ብላ ጮኸች።

«ሆድሽ» አለቻት ገንዘብ ከፋይዋ፣ ዓይኗን ከኮምፒዩተሩ ሳትነቅል።

«እና ዝም ብለሽ ትሰጪዋለሽ? ገንዘቡ የኔ አይደለም እንዴ?»

«የኔ እህት፣ የተራበው እሱ ነው። ያልበላውን አንድ በአንድ ነገረን፣ ከተቀማጩ ጋር ልክ መጣ። አክሲዮን እገዛበታለሁ ብሎ ሄደ።»

ውባለም ሆዷን ዳሰሰች። ሹራቧ እስከ ጀርባዋ ገባ። ለካ ከማክሰኞ ወዲህ የቀለላት ለዚህ ነው! እሷ ደግሞ ረሃቡን ለመድኩት ብላ ስትኮራ ነበር።

አይ ግፍ! ጓደኞቿ ፓስታ ሲበሉ ላይብረሪ የምትደበቀው እሷ። ሰበብ ፈጥራ ከልደት የምትቀረው እሷ። ሆድ ምን አደረገ? ጮኸ እንጂ! አንድ ቀን እንኳ «አይዞሽ» አላላትም።

ቅዳሜ የባለአክሲዮኖች ስብሰባ ነበር። ስብሰባው የሚካሄድበት ሆቴል በር ደረሰች።

«ልጄ፣ ባለአክሲዮን ነሽ?» አሏት ዘበኛው።

«ሆዴ ነው።»

«እንግዲያው ግቢ አይባልም። ከነዚያ ጋር ቁሚ።»

በመስኮቱ አየች። በየወንበሩ ሆዶች ተቀምጠዋል። የሷ ከፊት ነው፤ «አቶ ሆድ» የሚል ካርድ አንጠልጥሏል። አቶ!

«ውጣ፣ አንተ ሌባ!» ብላ መስታወቱን ደበደበች። ሆዷ ዞር ብሎ አያት፤ ከዚያ እንደማያውቃት ሆኖ ወደ ቡፌው ተነሣ።

«ተይው ልጄ፣ አይሰሙም» አሏት ዘበኛው። የደንብ ልብሳቸው ከወገባቸው በላይ ባዶውን ይርገበገባል።

አጥሩ ሥር ብዙ ሰው ቆሟል፤ ተማሪው፣ አስተማሪው፣ ሁሉም እጁን ሆዱ በነበረበት ቦታ ላይ አድርጎ። ውባለም ከመጨረሻው ቆመች። ውስጥ ምሳው ተጀመረ። ውጭ የቆሙት ሁሉ ባንድነት አገሱ።

ውባለምም፣ ሳትወድ፣ አገሳች።