ዘጠነኛው ገመድ

ይህ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው፤ ካልሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው። ጀልባ ሸራዋን ነፍታ በአስፋልት ላይ ስትነጉድ አይቻለሁ። ከሥሯ ጠብታ ውሃ አልነበረም፤ ምሰሶዋ ላይ ግን ሰው ተንጠልጥሏል። የማያምን ይለፈው፤ የሚያምን ጠጋ ይበል።

የተንጠለጠለው ሰው መርፌ ይባላል። እናቱ ያወጣችለት ስም ሌላ ነው፤ በዚያ ቢጠሩት ግን ራሱም አይዞርም። ሸራ ሰፊ ስለሆነ ነው መርፌ የተባለው የሚሉ አሉ፤ ቅጥነቱን አይተው ነው የሚሉም አሉ፤ ሚስቱ ደግሞ "ሰው በነገር ስለሚወጋ ነው" ትላለች። በዚያ ወደብ የአንድ ሰው ቅጽል ስም እንኳ ሦስት መነሻ ካለው፣ የገመዱን እናንተው አስቡት።

የወደቡ ጀልባዎች ስድስት ስድስት ገመድ አላቸው። ትልቁን ሸራ ሽቅብ የሚስበው ወፍራሙ "ዘጠነኛው" ይባላል። ስድስት ገመድ ባለበት ዘጠነኛ ከየት መጣ? "ዘጠነኛውን ሳብ" ሲባል ሁሉም ይስባል እንጂ፣ ሰባተኛውና ስምንተኛው የት ገቡ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። የጠየቁት ቲቸር ናቸው።

ቲቸር የወደቡን ሰው ግማሹን ፊደል ያስቆጠሩ ሴት ናቸው። ጡረታ ሲወጡ፣ የድሮ መርከበኞችን ቃላት ከነመነሻቸው እንዲሰበስቡ ቤተ መዘክሩ ለመናቸው፤ ሰሌዳ ላይ ተጽፎ ግድግዳ ላይ ሊሰቀል። ሰማያዊ ደብተራቸውን ይዘው በየበሩ ዞሩ። አንድ ቃል ብቻ ቀረ፤ ዘጠነኛው። ሰሌዳው ደግሞ በማግስቱ ይጻፋል።

መርፌ ይህን ሲሰማ የያዘውን ሸራ ከሱሪው ጋር ሰፋው። ቲቸር አራተኛ ክፍል ላይ ነው ያባረሩት። "ደብተርህ የታለ?" ቢሉት "ዓሣ ነባሪ በላው" አለ፤ ያን ጊዜ ስቀው አለፉት። በማግስቱ ግን የደብተሩን ጠርዝ ራሱ ነክሶ ነክሶ "ይኸው፣ ተፋው" ብሎ አመጣ። "ካንተ አፍ አንድ እውነት የወጣ ቀን እኔው ራሴ እጽፈዋለሁ። እስከዚያ ውጣ" አሉት። ወጣ፤ እንደወጣም ቀረ። ከዚያ ወዲህ ያወራው ወሬ ቢሰፋ ለመርከብ ሸራ ይተርፋል፤ አንዲት መስመር የጻፈለት ግን የለም። አሁን ያቺን አንዲት መስመር አማረው። በቲቸር እጅ የተጻፈች፣ ልጆቹ ቆመው የሚያነቧት።

ቲቸር ረፋዱ ላይ መጡ። የመርፌ ሸራ መስፊያ ቤት ወለል ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሸራ ተዘርግቶበት የሚረገጥበት ቦታ የለም። የመርፌ ሚስት ታላቅ ወንድም፣ ጀልባ አናጢው፣ ደጅ ባለጎማ ጋሪ ላይ ወደቆመች ጀልባ ደግፎ አወጣቸው፤ ቀለሟ ገና ትናንት ነው የደረቀው። ጡረተኛው ካፒቴንም ደረሱ። ካፒቴን ቆመው ማውራት አይሆንላቸውም፤ ከጋሪው ጎማ ሥር የተወሸቀውን ግንድ ጎትተው አወጡና ተቀመጡበት። ይህን ግንድ አደራ፣ አትርሱት።

በዚያ ወደብ ስለ ገመድ የሚናገር ሰው ባዶ እጁን አይናገርም። የገመዱን ጫፍ መዳፉ ላይ ሁለቴ ጠምጥሞ ይናገራል፤ የሚሰማው "ልቀቅ" እስኪለውም አይለቅም። ሳይባል የለቀቀ ዕድሜ ልኩን ውሸታም ነው።

መጀመሪያ አናጢው ያዘ። "ዘጠነኛው የተባለው ለመሳብ ዘጠኝ ሰው ስለሚፈልግ ነው። አያቴ ናቸው የነገሩኝ።"

"እሳቸው በስንት ሰው ነበር የሚስቡት?" አሉ ቲቸር እየጻፉ።

"ብቻቸውን። እሳቸውማ ሌላ ነበሩ።"

"ልቀቅ።"

ቀጥሎ ካፒቴን ተቀበሉ። "ገመዱ ከተለቀቀ ሸራው እስኪወርድ ድረስ እስከ ዘጠኝ ይቆጠራል። ከሥሩ ለመሸሽ ነው።"

"ቆጥረው ያውቃሉ?"

"እየሸሸሁ መቼ ልቆጥር ቲቸር?"

"ይልቀቁ።"

የመርፌ ተራ ሆነ። ሁለቴ አይደለም፣ አራቴ ጠመጠመው። "ከዕለታት አንድ ቀን" አለ፣ "ዘጠኝ ሴት ልጆች የነበሩት አንድ ካፒቴን ነበር።"

ቲቸር በመነጽራቸው አናት ላይ አዩት። "መርፌ፣ ዓሣ ነባሪው ደኅና ነው?"

"ደኅና ነው ቲቸር። ሰላም በልልኝ ብሏል።"

"ይኸው፣ እህቴን የሰጠሁት ለዚህ ነው" አለ አናጢው ወደ ካፒቴን ዞሮ። "ምን ወሬ ያስፈልጋል? ዘጠኝ ሰው እንሰብስብና ገመዱ ራሱ ይፍረድ።"

ይህን ስህተት የሚሳሳት የዚያ ወደብ ሰው ብቻ ነው፤ የቃልን መነሻ በጉልበት ጎትቶ ማውጣት። ከጎረቤት አምስት መረብ ጠጋኞችና አንድ ዓሣ ነጋዴ መጡ፤ ከአናጢውና ከመርፌ ጋር ስምንት ሆኑ። ዘጠነኛው ፀጉር አስተካካዩ ነበር፤ "የደንበኛዬን ግማሽ ጭንቅላት ልጨርስና መጣሁ" ብሎ ላከ።

"እስኪመጣ ትንሽ እናጥብቀው" አለ አናጢው።

ስምንቱ ትንሽ አጠበቁ። ሸራው ስሙን እንደጠሩት ሁሉ ብድግ ብሎ ወጣ። ወዲያው ከተራራው በኩል ንፋስ መጣ፤ ሸራው ሆዱን ነፋ። ከጋሪው ጎማ ሥር ግንድ አልነበረም፤ ካፒቴን ተቀምጠውበታል። ጀልባዋ ሄደች።

ሰባቱ ለቀው መሬት ላይ ቀሩ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ያን ዕለት ሞኙም ወረቀቱም አንድ ጀልባ ላይ ነበሩ። ቲቸር ደብተራቸውን፣ መርፌ ገመዱን። ሸራው ደግሞ ከመርፌ ይከብዳል፤ ዝቅ ሲል መርፌን ወደ ምሰሶው ጫፍ ይስበዋል፣ ንፋሱ ከፍ ሲያደርገው መርፌ ይወርዳል። ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ፣ እንደ ባልዲ።

"መርፌ" አሉ ቲቸር ሲወርድ ጠብቀው።

"አቤት ቲቸር።"

"የጀመርከውን ጨርስ።"

"የመጀመሪያዋ ልጅ" አለ፣ ወደ ላይ ሄደ፤ ሲመለስ፣ "እጅግ ቆንጆ ነበረች።"

ቁልቁለቱን ተያያዙት። የመድኃኒት ቤቱን ታዛ ሸራው ጠረገው። ዳቦ ጋጋሪዋ ጀልባ አይታ ሳይሆን ቲቸርን አይታ እጇን ከኋላዋ አጣመረች፤ የድሮ ተማሪ ናት። ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን እንደያዘ ወጣ፤ ከኋላው ደንበኛው፣ ግማሽ ጭንቅላቱ እንደ እንቁላል የተላጨ፣ ግማሹ ደን። "ደረስኩ እኮ፣ ምን አጣደፋችሁ?" አለ። መስቀለኛው ላይ ትራፊክ ፖሊሱ ቁም ብሎ እጁን ዘረጋ፤ ምሰሶውን ከሥር እስከ ጫፍ፣ መርፌንም ከጫፍ እስከ ሥር አየና፣ ሌሎቹን መኪኖች አቁሞ አሳለፋቸው። ሕጉ ለጀልባ አልተጻፈም።

"ስንተኛዋ ላይ ነህ?" አሉ ቲቸር።

"ሦስተኛዋ ላይ።"

"ዘጠነኛዋ ሳትወለድ ባሕር ውስጥ ነን።"

"ታዲያ ልቀቅ ይበሉኝ። ለእነሱ ብለዋል።"

"እነሱ የሚያምኑትን ነው የተናገሩት። አንተ የምታምነውን ንገረኝና እልሃለሁ።"

ባሕሩ ታየ። ከመንገዱ ማለቂያ እስከ ውሃው የቀረው የመርከብ ማራገፊያው ሜዳ ብቻ ነው። መርፌ ከምሰሶው ጫፍ ቁልቁል አየ። ዘጠኙን ሴት ልጆች ፈለጋቸው፤ አንዷም አልነበረችም። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚዋሸው አጣ።

"ዘጠነኛው ለምን ዘጠነኛው ተባለ?" አሉ ቲቸር፣ ልክ እንደ አራተኛ ክፍሉ።

"አላውቅም" አለ መርፌ።

"አልሰማሁም።"

"አላውቅም ቲቸር። አባቴም አያውቅም ነበር። እኛ ዝም ብለን ነው የምንስበው።"

"ልቀቅ።"

አራቱን ጥምጥም ፈታ። ሸራው ሲወርድ ቲቸር ከሥሩ ሳይሸሹ ጮክ ብለው ቆጠሩ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። አራት ላይ ሸራው እሳቸውን፣ መርፌ ደግሞ ሸራውን ሸፈነ። ጋሪው ሜዳው ላይ እያዘገመ ሄዶ፣ የፊት ጎማዎቹ ጠርዙን እያሸተቱ ቆመ። ከሸራው ሥር የእርሳስ ድምፅ ተሰማ።

ሰሌዳው ዛሬም ቤተ መዘክሩ በር አጠገብ ተሰቅሏል። እንዲህ ይላል፦ "ዘጠነኛው፦ ትልቁን ሸራ የሚስብ ገመድ። ዘጠኝ ሰው ስለሚስበው ነው ይላሉ፤ ስምንት ይበቃሉ። ሲወርድ እስከ ዘጠኝ ስለሚቆጠር ነው ይላሉ፤ አራት ነው። ሸራ ሰፊው መርፌ 'አላውቅም' ብሏል። እውነት ነው።"

መርፌ ልጆቹን ይዞ ሄዶ አስነበባቸው። "የመጨረሻዋን እንደገና" አላቸው፤ ሦስት ጊዜ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል፤ ያቺ አንዲት እውነት ግን እስካሁን ከብዳዋለች መሰለኝ፣ በሰሌዳው በኩል ሲያልፍ ደረቱን ነፍቶ ነው። አናጢው ግን የጨረሰው ነገር የለም፤ "አያቴ ስምንት ሰው ነው ያሉት፣ ዘጠነኛው የሚቆጥረው ነው" እያለ ነው።

እንግዲህ ምያለሁና አንዲት ነገር ልናዘዝ። የፀጉር አስተካካዩን ደንበኛ ፀጉር እኔ ነኝ የፈጠርኩት። ሰውየው ከመጀመሪያውም ራሰ በራ ነበር፤ ለጢሙ ነው የመጣው።