የኡሙሃኒ ሻሽ

"ኧረ ቀዘቀዘኝ!" አለች ዓሊማ፣ ዶክተር ሞላ ዝልግልጉን ቅባት ሆዷ ላይ ሲያፈሰው።

"ይታገሡኝ ወይዘሮ ዓሊማ፤ አሁን ይሞቃል" አለና መዳፍ የምታክል ዕቃ ቅባቱ ላይ ወዲያ ወዲህ ያንሸራትት ጀመር። አጠገቡ ትንሽ ቴሌቪዥን የመሰለ ነገር በርቷል። ከቆቦ ደሴ ድረስ ያስመጣቸው አልትራሳውንድ የሚሉት መሣሪያ ይኸው ነው።

ባሏ ዘይኑዲን እግርጌዋ ቆሟል። በጋዜጣ የተጠቀለለ አዲስ ሻሽ በብብቱ ይዟል። እንዲይዝላት የሰጠችው እሷው ናት፤ እሱ ግን ከያዘው ጀምሮ ፊቱ አልተፈታም።

የሻሹ ነገር እንዲህ ነው። የዓሊማ ሆድ መግፋት የጀመረው ከሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት መኸር ወዲህ ነው። ጎረቤቱ "በአርባ ስምንት ዓመቷ ደግማ ልትወልድ ነው" ብሎ ሲስቅ ከረመ፤ ለአራስ ገንፎዋ ገብስ ያመጣላትም አልጠፋም። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ግን ዳሰሰቻትና "እርግዝና አይደለም፣ እጢ ነው፤ ደሴ ሂጂ" አለቻት። ዓሊማ እጢ ሲባል የምታውቀው አንድ ብቻ ነው፤ እህቷን የገደላትን ነቀርሳ። ቀበሌው የይለፍ ወረቀቷን እስኪጽፍላት ሦስት ሳምንት ሲፈጅ፣ እሷ ቁጭ ብላ አላለቀሰችም። ለባሏ ሚስት ፈለገች።

አገኘችም፤ የዋጃዋን ኡሙሃኒን። ባሏ የሞተባት፣ እጇ የማይሰንፍ፣ ለሰው ልጅ የምትራራ ሴት ናት። ወጥ ማጣፈጥ ብቻ አይሆንላትም። ዓሊማ ይህንንም አስባበታለች፤ ዘይኑዲን ምሳ በቀረበለት ቁጥር የማንን እጅ እንደሚናፍቅ ታውቃለች። ለኡሙሃኒ ግን ገና አልነገረቻትም፤ ትናንት ደሴ ገበያ የገዛችው ቀይ ሻሽ የነገሩ መክፈቻ እንዲሆን ነው። ዘይኑዲን አሳቧን አውቶብስ ውስጥ፣ ገና ሮቢት ከተማ ላይ ሲሰማ ፊቱን ወደ መስኮቱ እንዳዞረ ደሴ ገባ።

"ይህችን ይዩ" አለ ዶክተሩ፣ ጣቱን ምስሉ ላይ አድርጎ።

ዓሊማ አየች። ትልቅ፣ ድቡልቡል፣ ጥቁር ነገር። እንባዋ መጣ።

"ያ አላህ! እንዲህ ጠቁሯል? ዘይኑ፣ ሻሿን አደራህን!"

"እንኳን ጠቆረ!" አለ ዶክተሩ። "እዚህ ላይ ውሃ የሚታየው ጥቁር ሆኖ ነው። እንቁላል ማምረቻዎ ላይ ያደገችው እጢ ውሃ ብቻ ነው የቋጠረችው፤ ግድግዳዋም እንደ ፊኛ ስስ ነው። እኔ የምፈራው ውስጧ ሥጋ ቢያበቅል፣ ግድግዳዋ ቢወፍርና ቢጎረብጥ ነበር። ስፈልግ ቆየሁ፤ የለም።"

"እስቲ ይድገሙት" አለ ዘይኑዲን።

ዶክተሩ አልተቆጣም። በጎኗ አስተኝቶ፣ ጫን ጫን እያደረገ ደገመው።

"የለም።"

"ነቀርሳ አይደለም በሉኛ!" አለች ዓሊማ።

"መቶ በመቶ የሚታወቀው ወጥታ ስትመረመር ነው። መልኳ ግን የደህናው ነው። ክፉው ቢመስለኝ ወደ አዲስ አበባ እልክዎት ነበር፤ አሁን ማክሰኞ እዚሁ እኔው አወጣታለሁ።"

"አልሃምዱሊላህ!" ዘይኑዲን በርጩማው ላይ ዘፍ አለና ዓይኑን በጋዜጣው ጥቅል ጠረገ። "አብሽሪ አላልሁሽም?"

"መች አልኸኝ? ከሮቢት ወዲህ መች ተነፈስህ?"

ዶክተሩ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ወደ መስኮቱ ዞረ።

ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ዛፍ ሥር ሲቀመጡ ዘይኑዲን ጥቅሉን በእጁ አገላበጠ። ሲያኮርፍ የሰነበተ ሰው አሁን ቀልድ አማረው።

"እንግዲህ ሻሿ አንዴ ተገዝታለች" አለ። "ኡሙሃኒም ብትሆን ደህና ሴት ናት። እኔ ደግሞ ሳስበው..."

ዓሊማ ቀና ብላ አየችው። ሦስት ሳምንት ሙሉ በልቧ ስትድራቸው ያልተሰማት ቅናት አሁን መጣ፤ ከግንባሯ እስከ እግሯ አቃጠላት። በመቅናቷ ደስ አላት። ጥቅሉን ከእጁ ነጥቃ ጋዜጣውን ቀደደችና ቀዩን ሻሽ በአሮጌው ላይ ደርባ አሰረችው።

"ለኡሙሃኒስ?" አለ ዘይኑዲን እየሳቀ።

"ለሷ ሌላ ባል እፈልግላታለሁ" አለች ዓሊማ፣ ቋጠሮውን አጥብቃ። "ከማክሰኞ ተርፌ ቆቦ ልግባ እንጂ፣ ወጥም አስተምራታለሁ።"