የኑሃሚን ጥርስና የገና ቅርጫ

የባጃጁ ሹፌር ዓሊዩ በመስታወቱ ወደ ኋላ አየና ሳቀ። «አቦ፣ ይቺ ልጅ ከማን ተምራ ነው በጠዋቱ ጉንጯን የወጠረችው? የአወዳይ ነው የገለምሶ?» አለ።

የስድስት ዓመቷ ኑሃሚን ግራ ጉንጭ አብጦ ቆዳው ያብረቀርቃል። ለማያውቅ ሰው በእርግጥም ጫቷን ጎስጉሳ የተቀመጠች ቃሚ ትመስል ነበር። እናቷ ሳህሊቱ ሌላ ቀን ቢሆን ለይሉኝታ ያህል ፈገግ ትል ነበር። ሰው ሲቀልድባት ፈገግ ማለት፣ ወረፋዋን ሲወስድባት ዞር ብሎ ማሳለፍ፣ ሲያስቀይማት ዝም ማለት የኖረችበት ነው። የዛን ዕለት ግን ፊቷ አልታዘዘላትም። ልጅቷ የነጠላዋን ጫፍ ነክሳ መንሰቅሰቅ ስትጀምር ሹፌሩ ነገሩ ገባው።

«ጥርሷን ነው ለካ። አፉ በይኝ እህቴ፣ እኔ እኮ የበዓል ከረሜላ ይዛ መስሎኝ ነው።»

ከዚያ በኋላ እቤታቸው በር እስኪያደርሳቸው ሌላ ቀልድ አልቀለደም፤ ልጅቷን እንዳያንገጫግጫት ጉድጓዱን ሁሉ እየሸሸ ቀስ ብሎ ነዳ።

የመጡት ከጤና ጣቢያ ነበር። ተረኛዋ ነርስ የኑሃሚንን አፍ በስልኳ መብራት አይታ ማስታገሻ ሰጠቻትና ሳህሊቱን ወደ ጎን ጠራቻት። ይሄ የጥርስ ሐኪም እንጂ የእሷ ሥራ እንዳልሆነ ነገረቻት። መግሉ ወደ አንገቷ ከወረደ ትንፋሽ ሊዘጋ ይችላል፤ ነገ ከነገ ወዲያ የሚባል ነገር አይደለም አለቻት። ሲመለሱ በጥርስ ሐኪሙ በተስፋዓለም ክሊኒክ በኩል አለፉ። የብረት በሩ ጓጉንቸር ተንጠልጥሎበታል። ሐረር እንዳትወስዳት ደግሞ፣ ዓሊዩ እንደነገራት፣ በገና ጠዋት ከጭሮ መናኸሪያ የሚነሳ መኪና የለም፤ በሂርና በኩል የሚያልፉትም ቢሆኑ ከሰዓት በፊት አይታሰቡም።

ክሊኒኩ እንደሚዘጋ ሳታውቅ ቀርታ አልነበረም። ትናንት ከሰዓት ለባሏ ለነቢዩ ነግራው ነበር። ነቢዩ የቅርጫው ሰብሳቢ ነውና በሬ ለመግዛት ሲጣደፍ በር ላይ አግኝታው፣ ኑሃሚን ምግብ ማኘክ እንዳቃታት፣ ሐኪሙን እንዲፈልግላት ለመነችው። እሺ ብሎ ወጣ። ማታ ልብሱ ሁሉ ድርቆሽ ድርቆሽ እየሸተተ፣ ፊቱ በደስታ ፈክቶ ተመለሰና ተስፋዓለም አገሩ ደብረ ብርሃን መግባቱን፣ ስልኩም ዝግ መሆኑን ነገራት። በዓሉ ይለፍና እሱ ራሱ ሐረር ሊወስዳት ቃል ገባ። ከዚያ ስለ በሬው ሻኛ አወራ፣ እራቱን በላ፣ ተኛ። ሳህሊቱ ልጇን ታቅፋ አነጋች።

ነቢዩ ክፉ ሰው አይደለም። መሥሪያ ቤት ውስጥ የጠረጴዛውን መሳቢያ እንኳ ማስጠገን ያቃተው ሰው፣ ዓውደ ዓመት ሲደርስ ግን የጦር አዛዥ ይሆናል። ከየክልሉ ተመድበው ጭሮ የከረሙትን ሠራተኞች፣ የከተማውን ነዋሪ፣ ሁሉንም ሰብስቦ ለበሬው የሚያስማማቸው እሱ ነው። ሰው ሁሉ «ነቢዩ ባይኖር በዓል የለም» ይለዋል። ይህን አባባል ከምንም በላይ ይወደዋል።

ሳህሊቱ ልጇን ሶፋው ላይ አስተኝታ ወጧን በማማሰል ላይ ሳለች ጎረቤቷ ሞሚና እንኳን አደረሳችሁ ልትል ገባች። የሞሚና ባል ፋሩቅ የከብት ነጋዴ ነው። ሞሚና የልጅቷን ፊት ስታይ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ያ ረቢ! ምን ሆነችብሽ? ሐኪም አላያትም?»

ሳህሊቱ ነርሷ ያለችውን ነገረቻት። ሐኪሙ አገሩ መግባቱንም ነገረቻት።

ሞሚና ግራ ገባት። «የቱ ሐኪም? ያ ቀጭኑ፣ ተስፋዓለም? ትናንት ማታ እኛ ግቢ ነበር እኮ። ፋሩቅ በሬውን ሲያወጣላቸው አፉን ከፍቶ ጥርሱን አይቶ፣ ዕድሜው ደህና ነው ያለው እሱ ነው። ሻይ ያቀረብኩላቸው እኔ ነኝ፣ ዋላሂ። ከነቢዩ ጋር ሲሳሳቁ ነበር።»

«ምናልባት ከዚያ በኋላ ሄዶ ይሆናል» አለች ሳህሊቱ፤ ድምጿ ለራሷም ሩቅ ሆነባት።

«የት ሄዶ? ዛሬ ጎህ ሲቀድ በሬውን ከእኛ በር በገመድ ስቦ የወሰደው እሱ አይደል?»

ሳህሊቱ የወጡን ማማሰያ ድስቱ ውስጥ ተወችው። ለካ ነቢዩ ትናንት ማታ እሷ ፊት ቆሞ ደብረ ብርሃን ሲል ሰውየውን ተሰናብቶት መምጣቱ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ልጁ ስታቃስት፣ የበሬ ጥርስ የሚያይላቸው ሐኪም ከሁለት ሰፈር ማዶ እንደተኛ እያወቀ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል። ንዴት ሲባል እስከ ዛሬ የምታውቀው በእንባ የሚያበቃውን ነበር። ይሄኛው እንባ አልነበረውም። ኑሃሚንን በነጠላ አዝላ ወገቧ ላይ አጥብቃ ቋጠረች።

ሞሚና የት እንደምትሄድ አልጠየቀቻትም። «ሂጂ፣ ወጡን እኔ አለሁ» አለቻት። «ባልቀምሰውም አማስለዋለሁ።»

ቅርጫው ከመሥሪያ ቤቱ ጓሮ ነበር። እዚያ ሴት አትሄድም፤ የከለከለ ደንብ ኖሮ ሳይሆን ሄዳ የምታውቅ ስለሌለች ነው። ሳህሊቱ ስትደርስ በሬው ታርዶ ብልቱ ወጥቶ አልቋል፤ ሥጋው በቅጠል ላይ በየመደቡ ተደርድሯል። ወንዶቹ ዙሪያውን ቆመዋል። የዕጣው ሰዓት ስለነበር ጨዋታው ቆሟል። ለዕጣው እያንዳንዱ ሰው የራሱን ምልክት ይሰጣል። አንዱ ቆርኪ፣ አንዱ የሸሚዝ ቁልፍ፣ አንዱ ስንጥር። ምልክቶቹ የሽማግሌው የጋሽ ሞገስ ባርኔጣ ውስጥ ይገባሉ፤ እሳቸው ፊታቸውን አዙረው አንድ በአንድ እያወጡ በየመደቡ ላይ ያስቀምጣሉ። ባርኔጣው ውስጥ የገባ ምልክት ዕጣው ሳይወጣ አይነካም፤ ከቦታው የሚንቀሳቀስም የለም። በዚህ ነገር ስንት ወዳጅ ተቀያይሟልና ጋሽ ሞገስ ቀልድ አያውቁም።

ነቢዩ ቢላዋውን እንደያዘ ወደ እሷ ተጣደፈ። ልጅቷን ከማየቱ በፊት ወንዶቹን ዞሮ አየ። ቤት ምን እንደሆነ፣ ለምን እዚህ ድረስ እንደመጣች በሹክሹክታ ጠየቃት። እሷ አልፋው ሄደች።

ተስፋዓለም እጅጌውን እስከ ክርኑ ሰብስቦ፣ ክንዱ በደም ተለውሶ ቆሟል። ሲያያት ደነገጠ።

«ዶክተር፣ ልጄን ይዩልኝ» አለችው።

ጎንበስ ብሎ፣ ደም ያልነካውን የክንዱን ጎን አገጯ ሥር አድርጎ የኑሃሚንን ፊት ወደ ብርሃን መለሰው። ፊቱ ተለወጠ። «መቼ ነው የጀመራት?»

«ከትናንት ወዲያ።»

ቀና ብሎ ነቢዩን አየው። «ትናንት አብረን አልነበርንም እንዴ?»

ነቢዩ ተንተባተበ። ከሚለው ሁሉ ሳህሊቱ ነገሩን ገጣጠመችው። ባለፈው ፋሲካ ተስፋዓለም ቁርስ እንኳ ሳይቀምስ፣ አንዱ ታካሚ አርቲፊሻል ጥርሱ ጠፍቶበት፣ ሌላው አጥንት ሲግጥ ጥርሱ ተሰብሮበት ቀኑን ሙሉ ሲያመላልሱት ዋሉ። ስለዚህ ዘንድሮ የቅርጫ ጓደኞቹን አደራ አላቸው። ማንም ቢጠይቅ አገሩ ገብቷል በሉ አለ። ሁሉም ቃል ገባ። አስተባባሪውም፣ መጀመሪያ ቃል የገባውም ነቢዩ ነበር።

«እኔው ሰብሳቢው ቃሌን ባፈርስ ምን ይሉኛል?» አለ ነቢዩ። «ደግሞ የወተት ጥርስ ነው፣ ይደርሳል ብዬ...»

«ለሰው ንገሩ አልኩ እንጂ» አለው ተስፋዓለም፣ «ለልጅህ ብዬሃለሁ?»

ተስፋዓለም በፕላስቲክ ጠርሙስ ውኃ አስፈስሶ እጁን መታጠብ ጀመረ፤ ከዚያ የሆነ ነገር ትዝ ብሎት ቆመ። ለዕጣው የሰጠው ምልክት የክሊኒኩ ቁልፍ ነበር። ኪሱ ውስጥ ሌላ ነገር አላገኘም ነበርና።

ጋሽ ሞገስ ባርኔጣውን ደረታቸው ላይ ለጥፈው ያዙት። «ልጄ፣ አንድ ምልክት ከወጣ ዕጣው ፈረሰ ማለት ነው» አሉ፣ ለሳህሊቱ፣ በረጋ ድምፅ። «እንደገና ልንመድብ ነው? ዕጣው እስኪወጣ ነው፣ ትንሽ ታገሺ። በዓል ነው።»

ከኋላ አንዱ፣ ሴት እዚህ ምን አመጣት ብሎ አጉረመረመ። ተስፋዓለም አንዴ ሽማግሌውን አንዴ እሷን ያያል፤ እሱም እንኳ እጁን ወደ ባርኔጣው አልሰደደም።

ሳህሊቱ በመደቦቹ መሀል አቋርጣ ሽማግሌው ፊት ቆመች። የቀሚሷ ጫፍ ቅጠሉን ጠረገው። «ጋሽ ሞገስ፣ ሥጋው ይቆያል» አለች። «እሷ አትቆይም።»

እጇንም ባርኔጣው ውስጥ ከተተች። ሽማግሌው ከድንጋጤ የተነሣ አልከለከሏትም። ቆርኪውን፣ ስንጥሩን፣ የአንዱን የጋብቻ ቀለበት እየዳሰሰች ቁልፉን አገኘችውና አወጣችው።

«ፈረሰ» አለ አንዱ።

ነቢዩ ክርኗን ያዘ። ሰው ፊት እንዲህ እንዳታደርገው በጆሮዋ ለመናት።

«ሰው ፊት ነው የምናገረው» አለች፤ ድምጿን ከፍ አላደረገችም፣ ግን ሁሉም ሰማ። «የበሬውን ጥርስ አሳየኸው። የእሷን ደበቅከው።»

ክርኗን አስለቀቀችና ሄደች። ተስፋዓለም ጃኬቱን ሳይለብስ ተከተላት።

ክሊኒኩ መብራት አልነበረውም። ተስፋዓለም ወንበሩን ወደ መስኮቱ ገፍቶ፣ እጁን ደጋግሞ በሳሙና ታጥቦ፣ ጓንት አጠለቀ። ረዳቱ ስለሌለች የልጅቷን ራስ ሳህሊቱ ያዘች፣ የስልኩንም መብራት እሷ አበራች። መርፌው ሲገባ ኑሃሚን ጮኸች። መግሉ ሲወጣ የክፍሉ ሽታ ተለወጠ። ሳህሊቱ ዓይኗን አልጨፈነችም፤ ሁሉንም አየች። ጥርሱ ሥሩ ተበልቶ ጠቁሮ ነበር። ጥርሱ ከወጣ በኋላ ልጅቷ ዝም አለች፤ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ትከሻዋ ወረደ።

ጥጥ እንደነከሰች፣ በተኮላተፈ አፍ፣ የበሬውንም ነቅሎት እንደሆነ ጠየቀችው። ተስፋዓለም አልነቀልኩም አላትና ለመሳቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም። ለሳህሊቱ እብጠቱ ወደ አንገት መውረድ ጀምሮ እንደነበረ፣ ነገ ቢሆን እሱ እዚህ ሊነካት እንደማይችል ነገራት። መድኃኒቱን እንዴት እንደምትሰጣት አስረዳት። በመጨረሻም ጥፋቱ የእሱም እንደሆነ፣ እንደዚያ ዓይነት አደራ ማለት እንዳልነበረበት እየተቸገረ ተናገረ። ሳህሊቱ እንዲህ ሲሏት «ኧረ ምንም አይደል» ማለት ልማዷ ነው። አላለችም። አመስግናው ልጇን አዝላ ወጣች።

ነቢዩ ክሊኒኩ ድረስ አልመጣም። ሥጋው እንደገና ሲመደብ ሰብሳቢው መቅረት አልቻለም። እቤት የደረሰው ከሰዓት በኋላ ነው፣ ሥጋውን በሳፋ ተሸክሞ። ሞሚና ያማሰለችው ወጥ ደርሶ፣ ኑሃሚን በጥቂት የተፈተፈተላትን ልሳ ተኝታ ነበር። ሳፋውን ወጥ ቤት አስቀምጦ የልጅቷን ግንባር ዳሰሰ። ትኩሳቷ በርዷል።

«አለፈ አይደል? እግዚአብሔር ይመስገን» አለ። ከዚያ የደረሳቸው መደብ ጎድኑም ሽንጡም የተስተካከለ መሆኑን ነገራት። ጋሽ ሞገስ አለመቀየማቸውን ነገራት። ሰው ፊት ባታዋርደው ኖሮ ጥሩ እንደነበረም ነገራት።

ሳህሊቱ የልጅቷን ብርድ ልብስ አስተካከለች። «ሌሊት ስታለቅስ ነቅተህ ነበር?»

ነቢዩ መሬት መሬት አየ። «ነቅቼ ነበር።»

«እሺ» አለች።

ሌላ ነገር ትናገራለች ብሎ ጠበቀ። ብትሰድበው ይቅርታ ለመጠየቅ የተዘጋጀ ይመስል ነበር። እሷ ወጡን አቀረበችለትና መኝታ ቤት ገብታ የልጅቷን ልብሶች ማጣጠፍ ጀመረች። ሥጋው ሳፋው ውስጥ እንዳለ አደረ።

በማግስቱ ጠዋት ሳህሊቱ ኑሃሚንን ይዛ በመጀመሪያው ሚኒባስ ሂርና ወደምትኖረው እህቷ ሰርካ ቤት ሄደች፤ ጥምቀት ሲደርስም አልተመለሱምና ነቢዩ በዓሉን ብቻውን ዋለ።