ድምፁ የሚታጠፍበት

ነፃነት የፎገራን ሩዝ ከዘሩ እስከ ገለባው ታውቀዋለች። ከደብረ ብርሃን ለሥራ ወረታ ከመጣች አራት ዓመቷ ነው፤ ቁሐር ሚካኤል ውኃ በተኛበት ማሳ እስከ ጉልበቷ ገብታ ቡቃያ የምትመረምር ባለሙያ ናት። ያቃታት እንግሊዝኛ መስማት ነው። ማንበቡም መጻፉም አልከበዳትም፤ ውጭ አገር ሄዳ ስለ ሩዝ እንድትማር የተሰጣት ዕድል ግን የማዳመጥ ፈተናውን እስክታልፍ ቆሟል። አንዴ ወድቃለች። ሁለተኛው ከዐሥር ቀን በኋላ ባሕር ዳር ነው፤ ያንንም ከወደቀች ቦታው ለሌላ ይሰጣል።

ስለዚህ ከሥራ መልስ በተከራየችበት ግቢ ዋንዛው ሥር ተቀምጣ ከስልኳ የእንግሊዝኛ መለማመጃ ንግግሮችን እየደጋገመች ታዳምጣለች። ደብተሯ ላይ ስድስት መቶ ቃላት ለቅማለች፤ ቤተ መጻሕፍት፣ መነሻ ሰዓት፣ የምዝገባ ቅጽ። ሁሉንም ታውቃቸዋለች፤ መልሱን ግን ትስታለች።

የግቢው ባለቤት መሪጌታ አዛናው የዜማ መምህር ናቸው። ተማሪ ሲያዜም ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ፤ አንዲት ድምፅ ከተዛባች ዓይናቸውን ሳይገልጡ "ተመለስ!" ይላሉ። አንድ ቀን መጥተው አጠገቧ ተቀመጡ።

"ይኼ ሰውዬ ምን በድሎሽ ነው እንዲህ የምታስለፈልፊው?"

"ፈተናው ላይ አንዴ ብቻ ነዋ የሚያሰሙን፣ የኔታ።"

"አንዴ? ክፉ መምህር ነው! እኛ እንኳ ለሰነፍ ሦስቴ እንመልሳለን። እስቲ ልቀቂው።"

ለቀቀችው። አንደኛው ንግግር አለቀ፤ ሁለተኛው ቀጠለ። ሦስተኛው ላይ መሪጌታ መቋሚያቸውን ከፍ አደረጉ።

"እዚህ ላይ ይታጠፋል።"

"ምኑ?"

"ድምፁ። ሽቅብ ይወጣ ይወጣና፣ ትንሽ ያርፍና፣ ሌላ መንገድ ይይዛል። ቅድም ያችም ሴትዮ እንዲሁ አድርጋለች። ቋንቋውን አላውቅም፤ ይኼን ግን ደንቆሮ ነው የማይሰማው።"

ነፃነት መልሳ ከፈተችው። ሰውዬው ማክሰኞ እመጣለሁ ይላል፤ ያርፋል፤ "አክችዋሊ"፣ እንዲያውም፣ ይልና ሐሙስ ያደርገዋል። እሷ ማክሰኞን ጽፋ ነበር። ሴትዮዋም "አይም አፍሬድ"፣ አዝናለሁ፣ ብላ ቀድሞ ያለችውን ሰዓት ሽራዋለች። ነፃነት የምታውቀውን ቃል ስትሰማ ደስ ብሏት ትጽፋለች፤ እየጻፈች የሚቀጥለው ያመልጣታል። እነዚህን ሐረጎች ደግሞ ከስድስት መቶው ውስጥ አላገባቻቸውም፤ ቁም ነገር አልመሰሏትም ነበር።

ከዚያን ቀን ጀምሮ መሪጌታ እርሳሷን አስጣሏት። ዓይኗን ጨፍና ትሰማለች፤ ድምፁ ሲታጠፍ እጇን ታነሣለች።

"የኔታ በእንግሊዝኛ ማሕሌት ሊቆሙ ነው!" ይላሉ ባለቤታቸው ወይዘሮ ንግሥቲ ሲያልፉ።

"ለመሆኑ ምን እያሉ ነው?" አሉ መሪጌታ በአራተኛው ቀን።

"ሰውዬው ሆቴል አልጋ እየያዘ ነው። ሴትዮዋ ዋና መማር ትፈልጋለች።"

"ይኸው ነው? እኔ እኮ ስለ አገር የሚመክሩ መስሎኝ ነበር!"

ባሕር ዳር፣ ፈተናው ክፍል ውስጥ፣ ከድምፅ ማጉያው አንዲት ሴት አውቶቡሱ ሦስት ሰዓት ላይ ይነሣል አለች። የጎረቤቶቿ እርሳሶች ሁሉ አንድ ላይ ተንጫጩ። የነፃነትም እጅ ተንቀሳቀሰ፤ ያዘችው። ሴትዮዋ ጥቂት አረፈች። ከዚያ የመጣውን ሐረግ ነፃነት ከነጭራሹ ሰምታው አታውቅም፤ ድምፁ ግን ታጠፈ። ጠበቀች። አራት ሰዓት ተኩል። ጻፈች።

ውጤቱ በሳምንቱ መጣ፤ ለዕድሉ የሚበቃ ነበር፣ ያውም ለጥቂት። ሮጣ ለመሪጌታ ነገረቻቸው። መረቋት፤ ወዲያው ግን ግንባራቸውን ቋጠሩ።

"የቀረውን ምኑ ላይ ጣልሽው?"

"መጨረሻው ላይ አራት ሰዎች እየተሻሙ ይናገራሉ።"

"አራት! በይ ስልኩን አምጪው።"

"አለፍኩ እኮ፣ የኔታ!"

"አንቺማ አልፈሻል፤ እኔ ነኝ ያልሰማሁት" አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ።