ፀጉር አስተካካዩ በሩን የቆለፈ ቀን

ፀጉር አስተካካዩ እንቅልፍ ካጣ አምስተኛ ቀኑ ነበር። ሚስቱ መጀመሪያ «ድካም ነው» አለች፤ ቀጥላ «ብርድ ነው» አለች። መስተዋቶቹ እያዩት እንደሆነ በሹክሹክታ ሲነግራት ግን ድካምም ብርድም እንዳልሆነ ገባት። በዚያው ቀን ረፋድ ላይ የአንድ ደንበኛ ፂም ግማሹን ላጭቶ ድንገት ቆመና «ውጣ፣ አንተንም እያዩህ ነው!» ብሎ ከነአረፋው ገፍቶ አስወጣው። ከዚያ በሩን ከውስጥ ቆለፈ።

ሰፈርተኛው ወዲያው ግር ብሎ መጣ። ምክር በነፃ ነውና ሁሉም አዋጣ። አንዱ «በሩ ይሰበር» ሲል ሌላው «ቀዝቃዛ ውሃ ይደፋበት» አለ። ደንበኛው በአንድ ጉንጩ ጎረምሳ፣ በሌላው ሽማግሌ መስሎ «እኔስ እንዲህ ሆኜ ልቅር?» ይላል።

ጎረቤቷ ልብስ ሰፊ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ብቅ አለች። «ሰርግ ነው እንዴ? ሰው ታሞ ነው! በሉ ወደየሥራችሁ!» ብላ በተነቻቸው።

ሚስቱ ፖሊስ ጋ ደወለች። «ሌባ አይደለም፣ ባሌ ነው። አሞታል። ውስጥ ምላጭ አለ። እባካችሁ ሳትጮሁ ኑ።»

ሳይጮሁ መጡ። መኪናቸውን ጥግ ላይ አቁመው አንዲት ሳጅንና አንድ ወጣት ፖሊስ በእግራቸው ደረሱ። ሳጅኗ ሚስቱን ወደ ጎን ወስዳ «ከሁሉ የሚወደው ምንድን ነው?» ስትል ጠየቀቻት።

«ሥራውን። ከዚያ እኔን።»

ሳጅኗ በጆሮው አንድ ነገር ስትነግረው ወጣቱ ፖሊስ ከመስኮቱ ራቅ ብሎ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። «ጋሼ፣ ፖሊስ ነኝ። ላስርዎ አልመጣሁም።»

«ፖሊስ መሆንህን በምን ላውቅ?»

«በመስኮት ይዩኝ» ብሎ ኮፍያውን አወለቀ።

መጋረጃው የጣት ያህል ገለጥ አለ። የፀጉር አስተካካዩ ዓይን ወጣቱ ፀጉር ላይ አረፈ።

«ማነው እንዲህ የጨፈጨፈህ?»

«ወንድሜ ነው ጋሼ። በልብስ መቀስ።»

«በልብስ መቀስ!» ሚስቱ አምስት ቀን ሙሉ ያጣችውን የባሏን ድምፅ ሰማች። ወዲያው ግን ድምፁ ተሰበረ። «ልጄ፣ ፈርቻለሁ።»

«አውቃለሁ ጋሼ። ባለቤትዎም ፈርተዋል። ምላጩን በመስኮት ቢያቀብሉኝ ለሁላችንም ይቀለናል።»

ምላጩ ወጣ። መቀሱ ተከተለ፤ ማበጠሪያ ሳይቀር ወጣ። ልብስ ሰፊዋ ሁሉንም በሽርጧ ተቀበለች። በሩ ሲከፈት ካቴና ያወጣ አልነበረም፤ ሚስቱ ብቻ ገብታ እጁን ያዘች።

ወደ ሐኪም ቤት ሲሄዱ ደንበኛውም መኪናው ውስጥ ገባ፤ ለምን እንደሆነ የጠየቀው የለም። ሐኪሟ ወደ መተላለፊያው ወጥታ በዝምታ የተቀመጠውን ፀጉር አስተካካይ አየች፤ ቀጥላ ባለ ግማሽ ፂሙን አየችና እጇን ትከሻው ላይ አሳርፋ «አይዞህ፣ ትድናለህ» አለችው።

ፀጉር አስተካካዩ ሳቀ። ሚስቱ ግን አለቀሰች።

ሐኪም ቤት ሦስት ሳምንት ተኝቶ መድኃኒቱን ይዞ ተመለሰ። አሁን ሌሊቱን ይተኛል፤ ሁለት ሌሊት እንቅልፍ ካጣ ሚስቱ ቀድማ ሐኪሟ ጋ ልትደውል ተስማምተዋል። ያስቸገረው ሰፈሩ ነው። ሁሉም በጣቱ እየረገጠ አጠገቡ ሲደርስ ድምፁን ይቀንሳል።

«ኧረ እናንተ ሰዎች፣ አሞኝ ነበር እንጂ እንቁላል አልሆንኩም!» አለ አንድ ቀን ሬድዮውን እንደከፈተ።

ያን ጊዜ ልብስ ሰፊዋ ከማዶ «እንግዲያው ሬድዮህን ቀንሰው፣ ጆሮዬ ደነቆረ!» ብላ አምባረቀችበት። እንዲህ ደስ ብሎት አያውቅም።